ሪምቪዳስ ድምፁን የቆጠበበት ጸደይ

ካውናስ ከተማ ውስጥ ሪምቪዳስን በመልኩ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። ድምፁን የማያውቅ ግን አልነበረም። ዳቦ ቤት ገብቶ ተራውን ሲጠብቅ ማንም ልብ አይለውም፤ አጠር ያለ፣ ትከሻው ወደታች የወረደ፣ ጸጉሩ ከግንባሩ የሸሸ ሰው ነው። «ግማሽ ጥቁር ዳቦ ስጪኝ» ብሎ አፉን ሲከፍት ግን ሰልፈኛው ሁሉ ዞር ይላል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ «ኧረ በእናትዎ፣ የኳስ ቡድናችንን አምበል ስም አንዴ ይበሉልኝ!» ብላ ለመነችው። ሻጯም አብራ ለመነችው። ጭንቅ ብሎት ግራ ቀኝ ካየ በኋላ እዚያው መደርደሪያው ፊት ቆሞ አለላቸው። አጨበጨቡ። ዳቦውን አቅፎ ጆሮው እንደቀላ ወጣ።

በወጣትነቱ የአውቶቡስ ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚነሱትንና የሚገቡትን አውቶቡሶች በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ዳንጉዎሌን ያገኛት በዚያ ሥራ ነው። ያኔ የሙዚቃ አስተማሪ ለመሆን ትማር ነበር። አንድ ቅዳሜ ወደ እናቷ ስትሄድ ጣቢያው ውስጥ ቆማ ድምፁን ስታዳምጥ፣ የሚለውን ሳይሆን አባባሉን ስታዳምጥ፣ አውቶቡሷ ጥሏት ሄደ። ተናዳ በሩን በርግዳ ገባች።

«አንተ ነህ እንዴ የምትለፈልፈው?» አለችው።

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«አስመለጥከኝ! ሰው እንዲሳፈር ነው ወይስ ቆሞ እንዲሰማህ ነው የምትጠራው?»

በዓመቱ ተጋቡ።

ኦስቫልዳስም ያገኘው እዚያው ጣቢያ ነው። ኦስቫልዳስ «አውሽራ» የሚባለው የከተማው የቅርጫት ኳስ ክለብ ሰው ነበር። ያን ጊዜ አገሩ በሞስኮ እጅ ነው፤ ሰው በአደባባይ የልቡን የሚጮህበት ቦታ ቢኖር የኳስ አዳራሹ ብቻ ነበር። ኦስቫልዳስ ዘመድ ሊቀበል መጥቶ ድምፁን ሰማና ክፍሉን አንኳኳ። «የአሊቱስን አውቶቡስ እንዲህ አሳምረህ ከጠራኸው፣ የእኛን ልጆች ስትጠራማ ምን ልትሆን ነው?» አለው። ከዚያ በኋላ ሪምቪዳስ ቀን ቀን ጣቢያው፣ ማታ ማታ አዳራሹ ሆነ። አገሩ ነጻ ወጣ፣ ገንዘቡ ተለወጠ፣ ክለቡ ባለቤት ለወጠ፣ አሮጌው አዳራሽ ፈርሶ ወንዙ ዳር አዲስ ተሠራ፤ ከማይክራፎኑ ፊት የሚቀመጠው ግን እሱ ነበር። ተጫዋቾቹም ይሄን ያውቁ ነበር። አንድ ልጅ ከታዳጊዎቹ ተነስቶ ለዋናው ቡድን ሲሰለፍ፣ ሪምቪዳስ ስሙን እስኪጠራው ድረስ ለአውሽራ ተጫወትኩ አይልም።

ድምፁ መሻከር የጀመረው በአንድ መከር ነው። ብርድ ነው አለ። ዳንጉዎሌ ማር በሞቀ ወተት አጠጣችው፤ ትንሽ ተሻለው፣ መልሶ ሻከረ። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል የካቲት ላይ ለማንም ሳይናገር ሆስፒታል ሄደ። ዶክተር ዩርጊታ የምትባል ሐኪም በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ አስገብታ አየችው፤ ናሙናም ወሰደች። ሁለተኛ ሲመለስ ወንበሯን ወደ እሱ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።

«አቶ ሪምቪዳስ፣ ካንሰር ነው» አለችው። «ግን ገና ትንሽ ነው፤ ከአንደኛው የድምፅ አውታር ብዙም አላለፈም። አሁን በጨረር ከጀመርን ድምፅዎን የማትረፍ ዕድላችን ጥሩ ነው። መጎርነኑ አይቀርም፤ ግን የእርስዎ ድምፅ ሆኖ ይቆያል።»

«ለግንቦት ይደርሳል?»

«ምኑ?»

«ድምፄ። ግንቦት ላይ መናገር እችላለሁ?»

«ግንቦት ላይ ጉሮሮዎ ቆስሎ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያስጨንቅዎታል። ግንቦት ምን አለ?»

ሪምቪዳስ፣ ያለችበትን አገር ስም የጠየቀችው ይመስል አያት። ለነገሩ ከተማው ውስጥ ከእሷ በቀር ያልሰማ አልነበረም። የአውሮፓ ክለቦች ውድድር በየዓመቱ የሚጠናቀቀው አራቱ የቀሩት ቡድኖች አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ነው፤ ዓርብ ግማሽ ፍጻሜ፣ እሑድ የደረጃ ጨዋታና ፍጻሜ። የዚያን ዓመት ተረኛዋ ካውናስ ነበረች። አውሽራ ደግሞ፣ ስንት ዘመን ከበር ሲመለስ የኖረው አውሽራ፣ በዚያ ዓመት ያገኘውን ሁሉ እየጣለ ይመጣ ነበር።

«እንግዲያው ከግንቦት በኋላ እንጀምር» አላት።

«ይሄ በሽታ የእርስዎን ጨዋታ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።» የዶክተሯ ድምፅ ጠነከረ። «ባለቤት አለዎት? ይዘዋት ይምጡና ሦስታችን እንነጋገር።»

«እነግራታለሁ» ብሎ ኮቱን ለበሰ። አልነገራትም።

ይልቁንስ የራሱን ሕክምና ፈለሰፈ። ድምፄን ለአዳራሹ እቆጥባለሁ አለ። ጣቢያው ውስጥ አውቶቡስ የሚጠራው ከተቀየረ ቆይቷል፤ ማሽን ነው የሚናገረው፤ እሱ የጉዞ ሰዓት የሚያስተካክል ቢሮ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ስለዚህ እዚያ ዝም ማለት አልከበደውም። ከባዱ ቤት ነበር። ጠዋት በጭንቅላቱ ሰላም ይላል። ሾርባው ጥሞት እንደሆነ ስትጠይቀው አውራ ጣቱን ያነሳል። ልጃቸው ሚግሌ ከደብሊን ስትደውል ስልኩን ለእናቷ አቀብሎ ወደ በረንዳ ይወጣል።

ዳንጉዎሌ መጀመሪያ ቀለደችበት። «ምነው፣ ሳይከፈልህ አልናገርም አልክ?» ስትለው ፈገግ አለና አለፈ። በትንሣኤ ግን ቀልዱ አለቀ። ደብራቸው ውስጥ መዘምራኑን የምትመራው እሷ ናት፤ ሪምቪዳስ ከተጋቡ ጀምሮ በየትንሣኤው ንጋት ከወፍራም ድምፆቹ ጋር ይቆማል። በዚያ ዓመት መጨረሻው አግዳሚ ላይ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ተቀመጠ። መዝሙሩ ሥሩን ያጣ ዛፍ ሆነ። ዳንጉዎሌ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ እጇን እያወዛወዘች ጨረሰች።

ቤት ገብታ ነው የፈነዳችው።

«ሐሙስ ዕለት በቴሌቪዥን ሰምቼሃለሁ። ለእነዚያ ለረጃጅሞቹ ሲሆን መስኮት ታንቀጠቅጣለህ። እኔ ዘንድ ስትመጣ ጨው ለመጠየቅ ጣትህን ትቀስራለህ!»

«ደክሞኝ ነው» አላት በቀስታ።

«ለሠላሳ ዓመት ያልደከመህ ዛሬ ደከመህ?» ሳህኑን አስቀመጠች። «ንገረኝ። ሌላ ሴት አለች?»

ሳቁ አመለጠው። ሳቁም ጉሮሮውን ጫረውና ሳል ሆኖ ወጣ። «ከዚህ ራሰ በራ ጋር?»

«ራስህን ማን ያየዋል? በጆሮዋ ይሆናል የወደደችህ። እኔም የተታለልኩት በጆሮዬ ነው።»

ሊነግራት አፉ ድረስ መጣ። ግን ያውቃታል፤ ከነገራት በዚያው ቀን ኮሌታውን ይዛ ሆስፒታል ትወስደዋለች። ዝም አለ። ዳንጉዎሌም ከዚያች ቀን በኋላ ሾርባው ጥሞት እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም።

ሚያዝያ ሲያልቅ አውሽራ ካለፉት አራት ቡድኖች አንዱ ሆነ። ከተማው አበደ። ቢጫ የክለቡ ባንዲራ ያልተሰቀለበት በረንዳ ጠፋ፤ ቄሱ እንኳ በስብከታቸው መካከል ስለ መከላከል አንድ ነገር ጣል አደረጉ። በዚያ ደስታ መካከል ኦስቫልዳስ ሪምቪዳስን ቢራ ልጋብዝህ ብሎ ጠራው። ኦስቫልዳስ አርጅቶ የክለቡ ምክትል ኃላፊ ሆኗል። በነጭ ሽንኩርት የታሸ የተጠበሰ ጥቁር ዳቦ አዘዘ፤ መጣለት፤ አንዱንም አልነካም።

«አንተ ምነው አትበላም?» አለው ሪምቪዳስ።

«ሪምቫ፣ አትቀየመኝ» አለ ኦስቫልዳስ። «አዘጋጆቹ የራሳቸውን አስተዋዋቂ ያመጣሉ። እንግሊዛዊ ነው፣ ወጣት ነው። ግማሽ ፍጻሜዎቹንም ፍጻሜውንም እሱ ነው።»

«በእኛ አዳራሽ?»

«ለዚያ ቅዳሜና እሑድ አዳራሹ የእነሱ ነው። ተጣልቼ ነበር። ጠረጴዛ መትቼ ነበር፤ እጄን አሳመምኩ እንጂ ማንም አልሰማኝም። መጨረሻ ላይ የእሑዱን የደረጃ ጨዋታ ለቀቁልኝ። እሱን ያንተ አድርጌልሃለሁ።»

«የተሸናፊዎቹን።»

«የተሸናፊዎቹን» አለ ኦስቫልዳስ አንገቱን ደፍቶ። «እምቢ ብትል እረዳሃለሁ። ድምፅህም ሰሞኑን... ታመሃል እንዴ?»

«ብርድ ነው።»

ከዚያ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። በማግስቱ ዶክተር ዩርጊታ ዘንድ መሄድ ይችል ነበር። ገና ጊዜ አለ፤ የቆጠበለት ትልቁ ነገር ደግሞ ከእጁ ወጥቷል። ይሄን አሰበ፤ አላሰበም አይባልም። ግን ሚስቱን ያስለቀሰበት፣ ትንሣኤን ያበላሸበት፣ ልጁን ስልክ የነፈገበት ዝምታ ለከንቱ ነበር ብሎ መቀበል አልሆነለትም። በማግስቱ ለኦስቫልዳስ ደውሎ «እሺ፣ እሑድን እይዛለሁ» አለው።

ዓርብ ደረሰ። አውሽራ የሚገጥመው የኢስታንቡሉን ቡድን ነበር። ሪምቪዳስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ትኬት ይዞ አዳራሹ ውስጥ ላይኛው ረድፍ ተቀመጠ። ከላይ ሲታይ የእሱ ጠረጴዛ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ገረመው። ኦሊቨር የተባለው እንግሊዛዊ መጥፎ አልነበረም። ጨዋታው ሳይጀመር ኦስቫልዳስን አስከትሎ እሱ ያለበት ድረስ ወጥቶ ጨብጦታል፤ «ቦታዎን ስለያዝኩ ይቅርታ» ብሎታል በአስተርጓሚ። የልጆቹንም ስም ሲጠራ ተጠንቅቆ ነው የጠራው። ሪምቪዳስ ሊጠላው ፈልጎ ምክንያት አጣ።

ጨዋታው ልብ የሚያቆም ነበር። የአውሽራ አምበል ጊንታውታስ፣ ጉልበቱ ሁለቴ የተቀደደው፣ ይሄ ውድድር ሲያልቅ ጫማ እሰቅላለሁ ያለው ሰው፣ በዚያች ምሽት እንደ ልጅ ሮጠ። መጨረሻ ላይ አውሽራ በአንድ ነጥብ እየመራ ኳሱ በቱርኮቹ እጅ ነበር። ከጥግ አንዱ ወረወረ። ኳሱ ቀለበቱ ላይ አረፈ። አንድ ዙር ዞረ።

ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዟል። ሪምቪዳስም ይዟል። በዚያች ቅጽበት ግን ማንም ያልጋበዘው ሐሳብ በውስጡ አለፈ፦ ከገባ፣ እሑድ የእኛን ልጆች የምጠራቸው እኔ ነኝ።

ኳሱ ገባ።

ቱርኮቹ ከተቀመጡበት ጥግ ጩኸት ተነሳ፤ የቀረው አዳራሽ እንደ መቃብር ሆነ። ሪምቪዳስ እጆቹን አየ። ኳሱን የገፋው እሱ ራሱ የሆነ ያህል ተሰማው። አጠገቡ የተቀመጠ፣ ፊቱን ቢጫ የተቀባ ጎልማሳ እያለቀሰ ዞር ሲል ሪምቪዳስን አወቀው፤ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት።

«አቶ ሪምቪዳስ! እርስዎ ቢጠሯቸው ኖሮ አንሸነፍም ነበር! እምላለሁ አንሸነፍም ነበር!»

ሪምቪዳስ የሰውዬውን ጀርባ መታ መታ አደረገ። ድምፁን ለእሑድ ስለሚቆጥብ በጭንቅላቱ ብቻ ተሰናብቶት ወጣ።

ቤት ሲገባ ዳንጉዎሌ አልተኛችም። ቀዝቃዛውን የቀይ ሥር ሾርባ በእንስላል፣ ትኩሱን ድንች በጎን አድርጋ አቅርባ ጠበቀችው። ከትንሣኤ ወዲህ ጠብቃው አታውቅም። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እጇን እጁ ላይ ጣል አደረገች።

«ዛሬስ ዝም ብትል አልቀየምህም» አለችው።

ያንን ከምትለው ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ሾርባውን ትኩር ብሎ እያየ በላ።

እሑድ ዝናብ ጣለ። የከተማው ሰው ከሐዘኑ አልተነሳም ነበር፤ ብዙው የእሑድ ትኬቱን ለፍጻሜ ለደረሱት ለቱርኮችና ለስፔኖች ሸጦ ገጠር ወደ እናቱ ሄዷል። እነሱ ደግሞ ማታ ለሚሆነው ፍጻሜ ካልሆነ በቀር አይመጡም። በቀትር የደረጃ ጨዋታው ሲጀመር አዳራሹ ባዶ ለባዶ ነበር። ወንበሮቹ መካከል ሠራተኞች የዓርቡን የወረቀት ብርጭቆ ይለቅማሉ። የአውሽራ ልጆች እየተጎተቱ ገቡ፤ በሌላው ግማሽ ፍጻሜ የተሸነፉት የአቴንስ ልጆችም እንደዚያው። ማንም ሊጫወተው የማይፈልገው ጨዋታ ነው፤ ዓርብ የሞተውን ሰው እሑድ እንደ መግነዝ ነው።

ሪምቪዳስ ግን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ መጥቷል። ማይክራፎኑን ሳበ። ለወራት ያጠራቀመውን አፉን ከፍቶ ለቀቀው።

ወጣለት። እንዳሰበው ወጣለት፤ ወፍራም፣ ሙሉ፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ። ብርጭቆ ለቃሚዎቹ ቀና አሉ። ከልጆቹ አንዱ ሲሮጥ ስሙን ሰምቶ ወደ ጠረጴዛው ዞሮ በፈገግታ አየው። ጊንታውታስን የመጨረሻ አድርጎ ጠራው፤ እንደ ልማዱ በሦስት ሰብሮ፣ የመጨረሻዋን እየሳበ ጠራው። አምበሉ ደረቱን በቡጢ መታና ወደ እሱ ጠቆመ። ለዚያች ደቂቃ ሪምቪዳስ ምንም አልጸጸተውም።

ሦስተኛው ሩብ ውስጥ ነው የሆነው። አንድ ልጅ ከርቀት አስቆጥሮ ስሙን ሊጠራ ሲል ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተረተረ። አፉ ውስጥ የደም ጣዕም መጣ። ደግሞ ሞከረ። በድምፅ ማጉያው የወጣው ወንበር ሲጎተት የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። እዚያና እዚህ የተቀመጡ ሰዎች ማጉያው የተበላሸ መስሏቸው ሳቁ። ሦስተኛ ሲሞክር ንፋስ ብቻ ወጣ።

ከኋላው ለማታው ሲዘጋጅ የነበረው ኦሊቨር መጣ። ትከሻውን ያዝ አደረገው፣ ውሃ አቀረበለት፣ ከዚያ በቀስታ ማይክራፎኑን ከፊቱ ወሰደ። ጨዋታው አልቆመም። አውሽራ በሁለተኛውም ተሸነፈ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ጊንታውታስ ለመጨረሻ ጊዜ ተቀይሮ ሲወጣ ያሉት ጥቂት ሰዎች ቆመው አጨበጨቡ፤ ስሙን የጠራው ኦሊቨር ነበር። ሪምቪዳስም ከወንበሩ ተነስቶ ከሰው ጋር አጨበጨበ።

በሠራተኞች በር ሲወጣ ዳንጉዎሌን ዝናቡ ውስጥ ቆማ አገኛት። ጃንጥላ አልያዘችም። እግሯ ላይ የቤት ነጠላ ጫማዋ ነው ያለው።

«በቴሌቪዥን እየሰማሁህ ነበር» አለችው። «ስንት ልጅ ነው መዝሙር ያስተማርኩት? የደከመ ድምፅ አውቃለሁ፣ የበረደው ድምፅ አውቃለሁ። ያንተ እንደሱ አይደለም። ምንድነው?»

ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ በትንፋሹ ነገራት።

«መቼ ነው የነገሩህ?»

«የካቲት።»

አልጮኸችም። የያዘችውን ቦርሳ አንስታ ደረቱ ላይ መታችው፤ ደግማ መታችው። በዚያ የሚያልፉ ቱርኮች ቆመው አዩ።

«ሌላ ሴት አለች ብዬ ኪስህን ስበረብር ከረምኩ! በየሌሊቱ ምን አጠፋሁ እያልኩ! አንድ ‹ደህና አደርሽ› ነፍገኸኝ ያጠራቀምከውን ለማን ሰጠኸው? ለባዶ ወንበር!»

ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። መዳፏን አፉ ላይ ጫነችበት።

«ዝም በል» አለችው። «አሁን ነው ዝም የምትለው።»

አውቶቡሱ ውስጥ ለፍጻሜው የሚሄዱ ደጋፊዎች እየዘፈኑ ጣሪያውን ይደበድባሉ። እሷ ክንዱን ይዛ ቆመች፤ እስኪወርዱ አልለቀቀችውም።

ዶክተር ዩርጊታ ነግሬዎት ነበር አላለችም። ቱቦውን አስገብታ አይታ፣ ሌላ ምርመራ አዝዛ፣ ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱንም ፊቷ አስቀመጠቻቸው። ዕጢው ሁለቱንም የድምፅ አውታሮች ይዞ ወደ ታች ወርዷል። ጨረር ብቻውን አይበቃም። ማንቁርቱ በሙሉ መውጣት አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው።

«በየካቲት ጀምረን ቢሆንስ?» ብላ ጠየቀች ዳንጉዎሌ።

ሐኪሟ ሪምቪዳስን አየችው። «እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም» አለች። ሦስቱም ግን መልሱን ሰምተውታል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ምሽት ዳንጉዎሌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ስትልጥለት ነበር። ሪምቪዳስ አንድ ነገር ሊላት ፈለገ። ቀና ብሎ በትራስ ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ያ የቀረው ሹክሹክታ ሊወጣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችና እንደ ልማዷ ብርድ ልብሱን ሳብ አደረገችለት።

«አሁን አትድከም፤ አርፈህ ተኛ» አለችው። «ነገ ትነግረኛለህ።»

ያለችውን ሁለቱም እኩል ሰሙት። ብርቱካኑ እጇ ላይ ቀረ። እንዲናገር ልትለምነው ስትል ነርሷ መድኃኒት ይዛ ገባች፤ መብራት ቀነሰች፤ የጠያቂ ሰዓት አልቋል አለች።

ሕክምናው ሕይወቱን አተረፈለት። ሰኔና ሐምሌ በቁስል አለፉ። አንገት ላይ ተደግፎ የሚናገር ትንሽ መሣሪያ ሰጡት፤ ሲሞክረው ቤቱ ውስጥ ቆርቆሮ የሚናገር መሰለ። ሚግሌ በስልክ ሰምታው ማልቀስ ስትጀምር መሣሪያውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲያ በእጁ፣ በዓይኑ፣ ጠበቅ ሲል በወረቀት ሆነ። ሚስቱ ጸደዩን ሙሉ የተለማመደችው ነገር ነው፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገረችም። የሚያስከፋትም ይሄው ነበር።

መስከረም ላይ ኦስቫልዳስ መጣ። አዲሱ ውድድር ሊጀመር ነው፤ ክለቡ የሪምቪዳስን የቆየ ድምፅ ከየጨዋታው ሰብስቦ አለው፤ ከፈቀደ ስሞቹን ከዚያ እያወጡ በአዳራሹ ሊያሰሙ አስበዋል። የቀረጹትን ለማሰማት ይዞት መጥቷል።

«የቀሩት ልጆች ብዙዎቹ ያው ናቸው» አለ ኦስቫልዳስ ባርኔጣውን እያሻሸ። «አዲሶቹን ግን ሌላ ሰው ይጠራቸዋል እንግዲህ።»

ሪምቪዳስ ራሱን ነቀነቀ። አይሆንም ማለቱ ነበር። ዳንጉዎሌ ግን «የቀረጻችሁትን ተውልኝ» አለችው።

ሪምቪዳስ ሥራ ሲውል እሷ ወጥ ቤት ተቀምጣ ትሰማዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ሲመለስ በሩ ላይ ሆኖ የራሱን ድምፅ ሰማ። ስም ይጠራል። ቅያሬ ይናገራል። የእረፍት ሰዓት ይናገራል። አንድ ቦታ ላይ «ሰማያዊ መኪና በሩ ላይ ያቆማችሁ፣ አምቡላንስ ዘግታችኋልና አንሱ» ሲል ዳንጉዎሌ ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ መልሳ ሳቋን አቆመች። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ስም መካከል የእሷ ስም የለም። ሰው ሚስቱን ቤት ውስጥ ሲጠራ ማን ይቀርጻል? ማጫወቻውን ዘጋችና ጀርባዋን እንደሰጠች ተቀመጠች። እሱም መግባቱን የሚያሳውቅበት አጥቶ ኮቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ ቆየ።

መከሩ ዝናባማ ስለነበር እንጉዳዩ ጥሩ ሆነ። በየዓመቱ እንደሚያደርጉት ቅርጫታቸውን ይዘው በባቡር ወደ ጫካ ወጡ። ጥድ ጫካ ውስጥ ሰው እንጉዳይ ሲፈልግ ዓይኑን መሬት ላይ ስለሚተክል ቶሎ ይጠፋፋል፤ ስለዚህ ከዛፍ ዛፍ ይጠራራል። ኦስቫልዳስ ይሄን አስቦ የዳኛ ፊሽካ ልኮላቸው ነበር። ሪምቪዳስ ከኪሱ አውጥቶ ሲያሳያት ተቆጣች።

«ውሻ ነኝ እንዴ በፊሽካ የምጠራው? መልሰው!»

መለሰው። ዳንጉዎሌ ከፊት ሆና ጎንበስ እያለች ለቀመች። በየጥቂቱ ቀና ብላ ወደ ኋላ ትዞራለች፤ ሲያያት እጁን ያነሳል፤ መልሳ ታጎነብሳለች። ቅርጫቷ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ አንገቷ ደከማት። አንዴ ስትዞር ጠፋባት። «ሪምቫ!» ብላ ጮኸች። ጫካው ዝም አለ። ደግማ ጮኸች፤ ቅርጫቷን ጥላ ወደ መጣችበት ሮጠች። ከአንድ የወደቀ ግንድ ጀርባ ጫማውን እያሰረ አገኘችው። ጥሪዋን ሰምቶ ኖሮ፣ እጁን ከፍ አድርጎ እያወዛወዘ ነበር፤ ግንዱ ከልሎት ነው።

አልተቆጣችውም። የወደቀውን እንጉዳይ አብረው ለቀሙ። ከዚያ በትከሻው ይዛ ወደ ፊት ገፋ አደረገችው።

«አንተ ቅደም» አለችው። «እኔ ከኋላህ እመጣለሁ።»

እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ሄዱ። በዚያ ቀን ዳንጉዎሌ ከዚያ በኋላ ብዙ እንጉዳይ አላገኘችም፤ መሬቱን ሳይሆን ጀርባውን እያየች ነበር የምትሄደው።